ዩሪያ የተባለችው ላም

ቢሻው ከቦንጋ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌ የታወቀው በጉልበቱም በሀብቱም አይደለም፤ በላሙ ስም ነው። ላሙ ዩሪያ ትባላለች። ስሙን ያወጣላት ራሱ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሊሸጣት ያሰበውም ራሱ ነበር።

ላሟ በእውነቱ የሚስቱ የታንጉት ናት፤ ወላጆቿ ሲድሯት ከሰጧት ጊደር የተወለደች። አርጅታ ወተቷ ከነጠፈ ቆይቷል። ቢሻው ደግሞ ያን ጊዜ ልቡን የሰጠው ለማዳበሪያ ነበር። ኢሕአዴግ ከገባ ወዲህ የግብርና ፓኬጅ የሚሉት መጥቶ፣ ያንን ጨው የመሰለ ዩሪያ በበቆሎው ሥር በትኖ ቅጠሉ ሲለመልም ካየ በኋላ፣ ይህ ሰው ፍግን ዞር ብሎ ማየት ተወ። የከብቱ ፍግም ሽንትም የእንሰቱ ነው፤ እንሰቱ ደግሞ የታንጉት ግዛት ነው። እሷ ከጋጣው ቦይ ቀድዳ ሽንቱን ወደ ጓሮ ስትመራ እሱ ይስቅባታል። ወተት የማትሰጥ ላም ሣር ከመጨረስ በቀር ምን ትሠራለች እያለ፣ ለከብት ነጋዴው ለፈለቀ እንደሚሸጣት ዛተ። ታንጉት ቦይዋን መጥረጓን ቀጠለች።

በዚያ ክረምት ዝናቡ በርትቶ መንገዱን ቆረጠው። በቆሎው ጉልበት ላይ ሲደርስ መጨመር የነበረበት ዩሪያ ሳይመጣ ቀረ። ቢሻው በየማለዳው ማሳው ዳር ይቆማል። የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ወደ መሐል ይወርዳል። የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ ነውና ክፉኛ ፈራ።

ዕፀገነት የምትባል የግብርና ሠራተኛ ነበረች፤ ከሌላ ክፍለ አገር ተመድባ የመጣች ወጣት። ማሳውን አይታ አዘነች፤ ማዳበሪያውን የጫነው መኪና መቼ እንደሚደርስ እሷም አታውቅም። ስትመለስ በጋጣው በኩል አለፈችና የታንጉትን ቦይ አይታ ቆመች።

«ጋሽ ቢሻው፣ ዩሪያ የሚጠብቁት ከከተማ ብቻ ነው እንዴ?» አለችው። «ስሙ ራሱ በፈረንጅ አፍ የወጣው እኮ ከሽንት ነው።»

ቢሻው የቀለደችበት መሰለው። እሷ ግን የምሯን ነበር። በቆሎውን የሚያለመልመው ነገር በላም ሽንት ውስጥም አለ፤ በውኃ አቅጥኖ፣ ቅጠሉን ሳያስነካ፣ ከግንዱ ትንሽ ራቅ አድርጎ ማፍሰስ ነው። ለከርሞ ደግሞ በበቆሎው መሐል ቦሎቄ ቢዘራ ለመሬቱ ጉልበት እንደሚሆነው ነገረችው።

ምክሩ ቀላል ነበር፤ ከባዱ ታንጉትን መለመኑ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይሉት ተረት በራሱ ላይ ደረሰ። እራት በልተው ሲጨርሱ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ያችን የላሟን ነገር ለበቆሎው ብትሰጠው ብሎ ተንተባተበ።

«ልትሸጣት አልነበር?» አለች ታንጉት።

«አልሸጣትም።»

«እንግዲያው ባልዲው ከበሩ ኋላ ነው።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ቢሻው ከቦዩ ሥር ጋን ቀብሮ ሽንት ሲቀዳ ከረመ። ጎረቤቱ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እሱ ባልዲውን ይዞ ይመላለሳል። ለማሳው ሁሉ አልበቃም፣ ጥጋ ጥጉ ቀጭጮ ቀረ። መሐሉ ግን መልኩ ተመለሰ፣ አበባ አወጣ፣ አሸተ። ቢሻው ደስ አለው፤ የቦሎቄ ዘርም ካሁኑ አፈላልጎ አስቀመጠ።

በእሸት ሰሞን ፈለቀ ላሟን ሊገዛ መጣ። ታንጉት የተጠበሰ በቆሎ አቀረበችለት። እየጋጠ ወደ ጋጣው ተመለከተና፣ ወተት የማትሰጥ ላም ምን ታደርግልዎታለች ሲል ጠየቀ። ቢሻው የገዛ ቃሉ ተመልሶ ሲመጣ ሰምቶ ሚስቱን አያት። እሷ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ዩሪያን ማለትህ ነው?» አለ ቢሻው። «የምትበላውን እሸት ያበቀለችው እኮ እሷ ናት። ለዚያውም የእኔ አይደለችም፣ የታንጉት ናት።»

ፈለቀ ላሟን አየ፣ ቦዩን አየ፣ በእጁ የያዘውን በቆሎ አየ። ጥቂት አሰበና መጋጡን ቀጠለ።