የአንድ በስመ አብ ያህል

ባለፈው ሳምንት ልጄ መኪናውን ሊያስመረምር ሲሄድ አብሬው ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ ነዳጁን ረገጥ አድርጎ ሲለቀው የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ወረደ። ልጄ ሞተሩ ጤነኛ ነው ብሎ ደስ አለው። እኔን ግን ድካም ተጫነኝና ውጭ ድንጋይ ላይ ሄጄ ተቀመጥሁ።

በደርግ ጊዜ መተማ በረሃ ለነበረ አንድ እርሻ የጭነት መኪና እነዳ ነበር። ያስተማሩኝ ሐጅ ኑሩ የሚባሉ የመተማ ሹፌር ናቸው። የዚያን ጊዜ መኪና ማርሽ በጉልበት አይገባም። ቁልቁለት ላይ ወደ ከባድ ማርሽ ለመመለስ መጀመሪያ ነዳጅ ሰጥተህ ሞተሩን ታስጮኸዋለህ፤ ከዚያ እግርህን አንስተህ የሞተሩ ዙር ረገብ እስኪል ትጠብቃለህ፤ ካሳለፍኸው ማርሹ እምቢ ይላል። ሐጅ የሚጠብቁት ቢስሚላሂን እስከ መጨረሻው ብለው ነው። እኔ ደግሞ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ ስጨርስ አስገባለሁ። አሮጌው መኪናችን ከሁለታችንም ሃይማኖት ጋር ተስማምቶ ይኖር ነበር።

አንድ ጥቅምት አሮጌው ተበላሸና አዲስ መኪና ተሰጠኝ። ሐጅ ጭነት ሳልይዝ ሜዳ ላይ ጠባዩን እንዳየው መክረውኝ ነበር። ነገር ግን ሰሊጡ ሊረግፍ ነው፣ አጫጆች ይጠበቃሉ፤ ደግሞም ወጣት ነበርሁ፣ ምክራቸውን አልሰማሁም። የጎጃም አጫጆችን ከኋላ ጫንሁና ሽማግሌያቸውን አባ ተሻለን አጠገቤ አስቀመጥሁ። አባ ተሻለ በሬያቸው ሞቶባቸው፣ ሠርተው ሌላ ሊገዙ ነበር ወደ በረሃው የሚወርዱት። መንገዱን ሙሉ በሶ እየጨበጡ ያጎርሱኝ ነበር።

ከጭልጋ በታች ሙቀቱ ፊታችንን መግረፍ ሲጀምር ቁልቁለቱ መጣ። ማርሹን አወጣሁ፣ ነዳጅ ሰጥቼ ለቀቅሁ፣ በስመ አብ አልሁ። የአዲሱ ሞተር ዙር እንደ አሮጌው አይዘገይም፤ ወልድ ላይ ሳልደርስ ወርዶ አልቋል። ማርሹ ተንገጫግጮ መለሰኝ። እንደ ለመድሁት ደገምሁ፤ እምቢ አለ። መኪናው በባዶ ማርሽ ይንደረደራል፣ ፍሬኑ ተቃጥሎ ይሸታል፣ ከኋላ ሰው ይጮኻል። እኔ አሁንም በስመ አብ እላለሁ፤ እጄ ሌላ መለኪያ አያውቅማ። በመጨረሻ መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዤ ከተራራው አፈር ጋር አላተምሁት።

ከኋላ ያሉት በጭረት ተረፉ። አባ ተሻለ ግን በሩ ተከፍቶ ወደቁና ማጭድ የሚይዙበት ቀኝ እጃቸው ተሰበረ። ደግፌ ሳነሳቸው በግራ እጃቸው ራሴን ዳበሱኝ።

«ሰምቼሃለሁ ልጄ» አሉ። «ያን ሁሉ ጊዜ ስሙን ስትጠራ ነበር። አንተ ባትጸልይ አልቀን ነበር።»

ማርሽ ልለካበት ነበር ማለት አፍሬ ክንዳቸውን በነጠላቸው አሰርሁላቸው። በማግስቱ ሽቅብ በሚሄድ መኪና ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ ያለ በሬ። ሲሳፈሩም አጫጆቹን «ይህን ልጅ አደራ፣ እግዜር የሚሰማው ልጅ ነው» ይሏቸው ነበር።

ከጋራዡ ስንመለስ ልጄ ምን እንደሆንሁ ጠየቀኝ። ደክሞኝ ነው አልሁት፤ እውነትም ነው። ለንስሐ አባቴ ብዙ ኃጢአት ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን እስከ ዛሬ አላወጣሁትም። ጸልዬ ሰው ጎዳሁ ተብሎ እንዴት ይነገራል?