በኑራ ስም የመጣው ካርቶን

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ለመጻፍ የምደፍር ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት ልጆቼን ከዳርኩ በኋላ ነው፤ ረጅም ቃል ሲመጣብኝ አሁንም ጣቴን አስደግፌ ነው የማልፈው። የጎልማሶች ትምህርት አስተማሪያችን ማርቲ "የምታውቁትን አንድ ሰው ጽፋችሁ አምጡ፤ ለክፍሉ ይነበባል" ባትለን ኖሮ ብዕር አላነሳም ነበር። ኑራን ልጻፍሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። "ጻፊው፤ ሌላ ሰው በወሬ ከሚያጣምመው አንቺው አጣምሚው" አለችኝ። እንግዲህ የተጣመመ ካለ የኔ ነው።

ኑራ የባቲ ልጅ ናት። ሰመራ የመጣችው ከተማው ነፋስና ድንጋይ ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ አዲስ ሙሽራ ሆና ነው። ባሏ አሳይታ ከብት ሲነግድ ታሞ ሞተባት፤ ልጅ አልወለዱም። ዘመዶቿ ተመለሺ ቢሏት "ሰው የለመድኩት እዚህ ነው" ብላ ቀረች። ሱቅ ከፈተች። ሩዝ፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ በረዶ የሆነ ውሃ ትሸጣለች። እኔ ከሱቋ ደጃፍ ሽንኩርትና ቲማቲም አለኝ። እሷ ስትሰግድ ሱቋን እኔ አያለሁ፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሽንኩርቴን እሷ ትመዝንልኛለች። ወሬ አታበዛም። ሳቋ ግን አስፋልቱን ተሻግሮ ይሰማል።

ዶክተር ራጋቫን የሚባል ህንድ አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያስተምራል። እኛ ዶክተር ራጉ ነው የምንለው። ጸጉሩ የሸበተ፣ ብቻውን የሚኖር፣ በዚያ ፀሐይ ጥቁር ጃንጥላ ይዞ የሚሄድ ጨዋ ሰው ነው። አማርኛ የለመደው ኑራ ሱቅ ደፍ ላይ ቆሞ ነው። አሮጊት እናቱ ከሀገሩ ዕቃ ትልክለታለች፤ ቅመም፣ በጨው የተቀመጠ ማንጎ፣ የወገብ ቅባት። ታዲያ እኛ ጋ በር የሚያንኳኳ ፖስተኛ የለም። ዕቃ የሚደርሰው በሰው ስም፣ በሰው ስልክና በሰው መታወቂያ ነው። የመጀመሪያው ዕቃው የመጣ ጊዜ ፓስፖርቱ ለመኖሪያ ፈቃድ አዲስ አበባ ገብቶ ስለነበር ካርቶኑ ተመለሰበት። ኑራ አዘነችለት። "በኔ ስም ይላኩልህ፤ ምን ችግር አለው?" አለችው። ለጎረቤት ስም ማዋስ ወንፊት እንደ ማዋስ ነው፤ ማንም ቆም ብሎ አያስብበትም።

ከዚያ ወዲህ ካርቶኑ ሁሉ ኑራ ተብሎ ነው የሚመጣው። ወንድሟ አብዱልበሲጥ አይሱዙ ይነዳል። አዲስ አበባ ሲደርስ በውክልናዋ ይረከብና ይዞላት ይመጣል።

ባለፈው ሰሞን ሽንኩርት ልጭን አዋሽ ሰባት ሄጄ፣ አብዱልበሲጥ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አገኘኝና ከነጆንያዬ ጫነኝ። ጋቢና ውስጥ በመካከላችን ካርቶን ተቀምጧል።

"የህንዱ በርበሬ ነው፤ እንዳትደገፊው እትዬ" አለኝ እየሳቀ።

ኬላው ላይ እንደ ሁልጊዜው ቆምን። ፈታሹ ካርቶኑን ያውቀዋል።

"ይሄ ሰውዬ ሀገሩን በካርቶን አስመጥቶ ሊጨርሰው ነው እንዴ?"

"በርበሬ ነው አለቃ፤ ከፈለግክ አሽትተው።"

"ባለፈው አሽትቼው ሳስነጥስ ነው የዋልኩት። ክፈተው በል።"

ከፈተው። መጀመሪያ የወጣው ቀይ ሐር ነው፣ ጠርዙ በወርቅማ ክር የተሠራ። ሲጎትቱት ማለቂያ የለውም። ቀጥሎ በጥጥ የተጠቀለለ የብርጭቆ አምባር። የብር አልቦ። ከዚያ ደግሞ የሕፃን ሹራብና ኮፍያ፣ በእጅ የተሠራ፣ የሱፍ። ሱፍ! እኛ አንሶላ ውሃ ነክረን በምንተኛበት አገር!

"ይሄኛው በርበሬ ደግሞ ይለበሳል" አለ ፈታሹ። ቆመው ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች ተጠጉ።

ከካርቶኑ ሥር መስታወት ያለው ፎቶ ወጣ። ዶክተር ራጉ አንገቱ ላይ የአበባ ጉንጉን አጥልቆ ቆሟል። ከጎኑ ኑራ ቆማለች። እሷም ጉንጉን አጥልቃለች፤ ለብሳው የማታውቀውን ቀይ ልብስ ለብሳለች። ፊቱ የራሷ ፊት ነው፤ ሳቁ የራሷ ሳቅ ነው።

ክው አልኩ። እስቲ ይታያችሁ፣ በየቀኑ አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነኝ። መቼ? የት? ማን ዳራት?

"እንዴ አብዱ! እህትህን ድረህ ነው ዝም ያልከን?" አለ ፈታሹ፤ ክፋት አልነበረውም፣ በእውነት ደስ ብሎት ነው። "እንኳን ደስ አላችሁ!"

"አማቹ ዶክተር ነዋ! ከእንግዲህ ለኛ ሰላምታም የለው" አለ አንዱ ሾፌር።

"ኮፍያውን እዩት ባካችሁ፤ አጎትም ሆኗል!"

ተሳሳቁ። አብዱልበሲጥ ብቻ አልሳቀም። ፎቶውን ደፍቶ አስገባው፤ ካርቶኑን ዘጋው። ገመዱን ማሰር አቅቶት እኔ አሰርኩለት።

ገዋኔን እንዳለፍን ወደ እኔ ዞረ።

"እትዬ እናትነሽ፣ ታውቂ ነበር?"

"ማርያምን አላውቅም።"

"ሙስሊም ካልሆነ ሰው ጋር። ያውም ተደብቃ። ያውም ልጅ!"

"ምን ልጅ አለ? በየቀኑ አያታለሁ እኮ!"

"ፎቶውንስ አላየሽም?"

ምን ልበለው? ኑራን ልመን ወይስ ዓይኔን? ሚሌ ስንደርስ ሰው ሁሉ ምሳ ሲበላ እሱ ውሃ ብቻ ጠጣ። ወደ ባቲ የሚገነጠለውን መንገድ በጣቱ አሳየኝ። "ነገ ጠዋት እዚህ ጋ እገነጠላለሁ። እናቴ ቤት አስገባታለሁ። ሱቅም የለ፣ ሰመራም የለ። አለቀ።"

ሰመራ የገባነው የአስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ነው። ኑራ ሱቋ ውስጥ ሩዝ ትሰፍራለች።

"አሰላሙ ዓለይኩም። ምነው ፊትህ? ጎማ ፈነዳብህ?"

ፎቶውን ባንኮኒው ላይ አቆመው። ኑራ አየችው። ቀረብ ብላ አየችው። ሩዝ የያዘው ጣሳ በእጇ እንዳለ ነው።

"ይቺ ማናት?" አለች።

"አንቺ ነሻ!"

"እኔማ እኔ ነኝ። ልብሱ የማነው?"

ጣሳው ወደቀ። ሩዙ ተበተነ፤ ማንም አላጎነበሰም። ኑራ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ መስታወቱን በጣቷ መታ መታ አደረገች። "ይሄ የዒድ ዕለት ሱቁ ደጃፍ የተነሳነው ነው! ወላሂ እሱ ነው! እትዬ፣ አንቺም ነበርሽበት!"

እውነትም ነበርኩ። በሁለቱ መካከል ቆሜ ነበር። እኔን ቆርጠው አውጥተውኝ፣ እሷን ወደሱ አስጠግተዋት፣ ልብስ አልብሰዋት፣ ሞሽረዋታል። ፎቶ እንዲህ እንደሚደረግ እኔ ያን ቀን አወቅኩ። ድንጋጤዬ ግን አልለቀቀኝም፤ እንዲያውም ባሰብኝ።

የኬላውን ሳቅና የሕፃኑን ኮፍያ ነገርኳት። ዶክተር ራጉ ተጠርቶ መጣ። ፎቶውን ሲያይ ጃንጥላውን እንኳ ሳያጥፍ ጆንያው ላይ ዘጭ አለ።

"እናቴ..." አለ። "እናቴ ጠየቀች፣ ኑራ ማን ናት? ሁልጊዜ ካርቶን ላይ ኑራ ትጽፋለች። እኔ ጥሩ ሰው ናት አልኩ፣ ፎቶ ላክኩ። እናቴ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ሚስትህ ናት አለች፣ ፎቶውን የሰርግ አስደረገች። ሃያ ዓመት አግባ፣ አግባ ትላለች። እኔ ዝም አልኩ።"

"ዝም አልክ?" አለች ኑራ።

"ዝም አልኩ።"

"እስከ ሕፃኑ ኮፍያ ድረስ?"

አንገቱን ደፋ። አብዱልበሲጥ ኮሌታውን ጨምድዶ አነሳው። "ፀጉርህ ባይሸብት ኖሮ!"

"ልቀቀው" አለች ኑራ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ስሜን የሰጠሁህ ለዕቃ ነው፣ ዶክተር። ሚስት አድርገህ ላክልኝ አላልኩህም። ነገ በጠዋት እዚሁ መጥተህ ለእናትህ ትነግራታለህ። እኔ እያየሁ።"

"ልቧን ያማታል።"

"እኔስ? ኬላ ላይ የተሳቀው በማን ነው?"

አብዱልበሲጥ "ነገ በጠዋት አንቺ ባቲ ነሽ" አላት። "ደግሞ በቋንቋው ምን እንደሚላት በምን ታውቂያለሽ?"

"ፊቷን አያለኋ" አለችው፤ ሩዙን መሰብሰብ ጀመረች።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይዋ ሳትከር ተሰበሰብን። አይሱዙው ደጃፉ ላይ ቆሟል። ዶክተር ራጉ ዓይኑ ቀልቶ መጣና ደወለ። ስልኩ ተነሳ። በስልኩ መስታወት ላይ የታየችው እናትየዋ ብቻ ብትሆን ጥሩ ነበር፤ ቤት ሙሉ ሴት ነው! ሽበታሟ አሮጊት መሃል ተቀምጣለች፤ ጎረቤቶቿ ሙሽራዋን ሊያዩ ከብበዋታል። "ኑራ! ኑራ!" እያሉ ያጨበጭባሉ። አንዷ አበባ ስልኩ ላይ በተነች። እኔ አፌን ያዝኩ። አብዱልበሲጥ እንኳ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ።

ኑራ ሻሿን አጠበቀች። "ሰዎቹን ትሸኛቸው በላት።"

"ለምን?" አለ ዶክተሩ።

"እኔ ላይ ሰው ተሰብስቦ ስቆብኛል። በሷ አይሳቅባትም። ትሸኛቸው፤ ብቻዋን ስትሆን እንነግራታለን።"

ተሸኙ። እናትየዋ ብቻዋን ቀረች፤ ገና ፈገግ እንዳለች ነው።

"ልጅሽ አላገባኝም" አለች ኑራ፤ እሱ እየተከተለ በቋንቋው ይናገራል። "ሚስትም ልጅም የለውም። ስሜን ያዋስኩት ዕቃው እንዳይመለስበት ብዬ ነው። የላክሽው ልብስ ያምራል፤ የኔ ግን አይደለም።"

የዶክተሩ ድምፅ መሃል ላይ ተቆረጠ። እንደገና ጀመረ። የአሮጊቷ ፈገግታ ማንም እንዳልነገረው ለትንሽ ጊዜ ፊቷ ላይ ቆየና ጠፋ። የልብሷን ጫፍ ስባ አፏን ሸፈነች።

"ነግሯታል" አለ አብዱልበሲጥ ቀስ ብሎ።

አሮጊቷ አንድ ነገር ጠየቀች። ዶክተሩ መተርጎም አልፈለገም። ኑራ ስታፈጥጥበት፣ "ታዲያ ሲታመም ማን ያየዋል? አለች" አለን።

ኑራ ይህን አልጠበቀችም። ከንፈሯን ነከሰች። "ጎረቤት ነኝ በላት። የታመመ ጎረቤት ይታያል።"

ስልኩ ተዘጋ። ኑራ ፎቶውን ከመስታወቱ አውጥታ ለዶክተሩ ሰጠችው። "አንተው ቅደደው።" ወንድሟ ፊት ቀደደው። ቀዩን ሐር ለሁለት ጫፍና ጫፍ ይዘን አጠፍነው፤ ለአንድ ሰው አይታጠፍም። ካርቶኑን አሰረችና አቅፋ ጋቢና ወጣች። የሱቁን ቁልፍ ለኔ ወረወረችልኝ።

"ባቲ ነው?" አለ አብዱልበሲጥ፤ ድምፁ እንደ ትናንቱ አልነበረም።

"አዲስ አበባ። በስሜ የመጣ ነው፤ ራሴ ነኝ የምመልሰው። መሪው በእጅህ ነው። ሚሌ ላይ ብትገነጠል ግን እወርዳለሁ፤ በሌላ መኪና እሄዳለሁ።"

ሞተሩን አስነሳ። ሄዱ። እኔ ቁልፉን ጨብጬ ሱቁ ደጃፍ ቀረሁ፤ ሰው ስኳር ሲለኝ ሳሙና እሰጣለሁ። ረፋዱ ላይ ስልኬ ጠራ።

"እትዬ" አለች ኑራ፤ ነፋስ ድምጿን ይወስደዋል። "ሚሌን አልፈናል። ቀጥ ብለን ነው። ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ በባዶ ሆዱ ካልነዳሁ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ቁርስ እያበላሁት ነው። ቲማቲምሽን ወደ ጥላው አስጠጊው።"