መርዶ ይዘን የገባንበት አዲስ ቤት

ያን ቤት ያስገዛኋት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም፤ አፌ ግን ዝም ማለት አይሆንለትም። ጓደኛዬ ሐበሻ በሚበዛበት በስካይላይን ሰፈር፣ አንድ መኝታ ቤት ባለው አፓርታማ ከትንሽ ልጇ ጋር ተጣብባ ትኖር ነበር። ለዳውን ፔይመንት የሚሆን አጠራቀምኩ ስትል የቤት ዋጋ ጥሏት ይሄዳል። እኔ ዊተን ያለው ቤቴ ቁጭ ብዬ ኢንተርኔት ስጎረጉር፣ መንግሥት ዋስ የሚሆንለት የገጠር ቤት ብድር አገኘሁላት። ቅድሚያ ክፍያ የለውም። ገቢሽ ከጣሪያው ማለፍ የለበትም፤ የእሷ አያልፍም። ቤቱ ግን በመንግሥት ካርታ ላይ ገጠር የተባለ ቦታ መሆን አለበት፤ ገዝተሽም ራስሽ ልትኖሪበት ነው።

«እስቲ አናንዴልን ሞክሪልኝ» አለችኝ።

አድራሻ ባስገባሁ ቁጥር ካርታው አይሆንም ይላል። አናንዴል አይሆንም፣ አሌክሳንድሪያ አይሆንም፣ ሲልቨር ስፕሪንግማ አይታሰብም። ወደ ምዕራብ እየገፋሁ፣ እየገፋሁ፣ የበቆሎ እርሻ ያለበት ካውንቲ ስደርስ እሺ አለኝ።

«እዚያ ማን አለኝ?» አለች።

«እኛ አለንልሽ! ሰዓት ተኩል መንገድ ምን አላት? በየሳምንቱ እየመጣን እስክትሰለቺን ነው!»

ወሬ ብቻ!

ብድሩ አፕሩቭ ሆነ፣ ቤቱን ገዝታ ገባች። «መቼ ነው የምትመጡት? የንስሐ አባቴንም ይዛችሁልኝ ኑ፣ ቤቱ ጸበል ይረጭ» ትላለች በደወለች ቁጥር። አንዱ ቅዳሜ ክርስትና ነው፣ አንዱ ሥራ ነው፣ አንዱ ደግሞ ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም። በበረዶው ጊዜ ደውላ፣ «አከራይቼው ልመለስ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። «ራስሽ ካልኖርሽበት ከአበዳሪው ጋር ትጣያለሽ» አልኳት። መኪናዬን አስነስቼ መሄድ ሲገባኝ ሕግ አስረዳኋት። እንዲህ ያለች ጓደኛ ነኝ።

ከፋሲካ በኋላ ወንድሟ ከጎንደር ደወለልኝ። እናታቸው አርፈዋል። «አደራ፣ ብቻዋን እንዳትሰማ» አለኝ እያለቀሰ።

ስካይላይን ብትሆን ኖሮ ወጉ ይታወቃል። ጎህ ሳይቀድ ሕንፃው ውስጥ ያለው ሐበሻ በሯ ላይ ይሰበሰባል፤ በዚያ ሰዓት በር ሲንኳኳ ሰው ገና ሳይከፍት ይገባዋል። ወደ እሷ የሚሄድ ሰው ግን ከየት ይምጣ? ግማሹ ሥራ አለኝ አለ፣ ግማሹ «ያን ያህል ርቀት?» አለ። አንዱን ስንጠብቅ፣ ሌላውን ስንለምን ነጋ። መጨረሻ ላይ እኔ፣ ባለቤቴና የንስሐ አባቷ ብቻ ሄድን። ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ረፍዷል። ጥቁር ነጠላዬን መኪናው ውስጥ ትቼ ወረድኩ።

በረንዳ ላይ ነበረች። ስታየን እጇን አፏ ላይ ጫነች። መርዶው የገባት መሰለኝ።

«እሰይ! እሰይ! በስንት ጊዜው መጣችሁልኝ!» ብላ ሮጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ መስቀል ተሳለመች። «አባቴ፣ ቤቴን ሊባርኩልኝ መጡ!»

አባ መስቀላቸውን እንደያዙ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። «ነይ ውጪ፣ እንግዳ መጥቷል!» ብላ ልጇን ጠራች። ልጅቷ በመስኮት ብቅ ብላ በእንግሊዝኛ፣ «የእውነት? እኛ ቤት?» አለች።

ከክፍል ክፍል እየጎተተች አሳየችን። የመመገቢያ ክፍሉ ጠረጴዛ ትልቅ ነው፤ የወንበሮቹ ፕላስቲክ እንኳ አልተነሣም። «ሰው ሲመጣ ይነሣል ብዬ ነው» አለችና እየሳቀች መላጥ ጀመረች። አብሬያት ላጥኩ። ምን ላድርግ?

አባ፣ «ልጄ፣ እስቲ አንዴ ቁጭ በይ» ይላሉ። «ኧረ አባቴ፣ ምንም ሳይቀምሱማ!» ብላ ወደ ኩሽና ትሮጣለች። ባለቤቴ በክርኑ ይጎስመኛል። እኔ ግን፣ ይቅር ይበለኝ፣ መርዶው ትንሽ እንዲቆይ ፈለግሁ። ለእሷ አዝኜ ነው እንዳልል፣ ለራሴም ነበር። እንደዚያ ደስ ብሏት ስትቀበለኝ፣ ለአንድ አፍታ እውነተኛ እንግዳ መሆን አማረኝ።

ሽንኩርቱ መቁላላት ሲጀምር አባ ተነሡ። ኩሽና ገብተው ምድጃውን በእጃቸው አጠፉና ትከሻዋን ይዘው ነገሯት።

ልቅሶዋን አልጽፈውም። ከሰዓት በኋላ ጋብ ሲልላት ሶፋው ላይ አስቀመጥናት፤ እኔ እግሯ ሥር ምንጣፉ ላይ ነበርኩ። ፊቷን በእጇ ጠረገች። ባለቤቴን አየችው፣ አባን አየቻቸው፣ ከዚያ ዓይኗ እኔ ላይ ቆየ።

«ለዚህ ነው እንዴ የመጣችሁት?» አለችኝ።