የዶክተር ባልታዛር ሦስት ምርጫዎች

ዶክተር ባልታዛር መይሬሌስ ከአባቱ የወረሰውን የወይን እርሻ ሸጦ በአሮጌው ገዳም ውስጥ ለድሆች ሆስፒታል ሲከፍት፣ የመንደራችን የቫሌ ደ ኡርዜስ ሰው «ይሄስ ቅዱስ ነው» አለ። ለሊዝበን ፓርላማ ልወዳደር ነው ሲል ደግሞ «ምን ጎደለበት?» አለ። መድኃኒት ቤቴ ከደጁ ፊት ለፊት ስለሆነ ሁለቱንም ሰምቻለሁ።

ሰዉ የሚጠጣው የረግረግ ውሃ ነበር። «እኔ አንዱን ሳድን ውሃው ሦስት ያመጣብኛል፤ ቧንቧ የሚሰጠን ሊዝበን ነው» ይል ነበር ዶክተሩ።

ሁለት ጊዜ ተወዳድሮ ሁለቴም ወደቀ። ምክንያቱን አገር ያውቀዋል። በምርጫው እሑድ ባላባታችን ቪስኮንዴው በግ አሳርዶ፣ ከድንች ጋር አስቀቅሎ አደባባይ ላይ ያበላል፤ የበላም ለቪስኮንዴው ሰው ድምፁን ይሰጣል። ሰኞ ጠዋት የዶክተሩ ደጅ በሆድ ቁርጠት በሽተኛ ይሞላል። ሾርባ የለመደ አንጀት ስቡን የት ይችለዋል!

በሁለተኛው ሽንፈት ማግስት ከሰል አክሳዩ ዜፌሪኖ እያቃሰተ ገባ።

«ማንን መረጥክ?» አለው ዶክተሩ ሆዱን እየዳበሰ።

«ኧረ ዶክተር፣ ምኑን ይጠይቁኛል፤ ይኸው እየዳሰሱት!»

«ልጅህን ከሞት አፍ ያወጣሁልህ እኔ አይደለሁም?»

«እሱንማ መች ረሳሁት! ሁሌም እጸልይልዎታለሁ። ግን ጸሎትና ድምፅ ለየቅል ናቸው።»

ዶክተሩ ሳቀና መድኃኒት አዘዘለት። ዜፌሪኖ ሲወጣ ግን ሳቁ የዶክተሩ ፊት ላይ አልቆየም።

ሦስተኛው ምርጫ ሲደርስ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ጉልበቱም ከድቶት ነበር። የፓርቲው ወዳጆቹ «ዘንድሮ አታስብ» አሉት። እውነትም በሰፊው አሸነፈ፤ ርችት ተተኮሰለት። ሰኞ ጠዋት ታዲያ ያው በሽተኛ፣ ያው ቁርጠት! ዜፌሪኖ ከፊት ተሰልፏል።

«እግዜር ይስጥልን ዶክተር! የእርስዎ በግ ከቪስኮንዴው ይሰባ ነበር።»

ዶክተሩ እጁን ከሆዱ ላይ አነሳ። «የማን በግ?»

የመጨረሻውን በሽተኛ አይቶ ሲጨርስ መድኃኒት ቤቴ ገብቶ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«ኢናሲዮ፣ ደከመኝ። በስሜ በበግ የገዙትን የፓርላማ ወንበር ልመልስላቸው ነው» አለኝ።

ሆስፒታሉን የሚያስተዳድሩት እማሆይ ኤስኮላስቲካ መድኃኒት ሊወስዱ መጥተው ኖሮ ሰሙት።

«ዶክተር፣ ጣሪያው ያፈሳል፤ በሽተኞቹም ብርድ ልብስ የላቸውም። ክብርዎን ባለብሳቸው ይሞቃቸዋል?»

በሳምንቱ ሊዝበን ሄደ።

ሦስት ዓመት ቆየ። የሆስፒታሉን ጣሪያ አሠራ፤ ለሴቶችም ክፍል አስከፈተ። ቧንቧውን አንድ ሚኒስትር ቃል ገባለትና ተሻረ፤ የተተካውም ቃል ገባና ተሻረ። ከስቶ ተመለሰ። «ሊዝበን እንዴት ነበር?» ሲሉት «ኮሪደሩ ረጅም ነው» ብሎ ያልፋል።

የፓርቲው ሰዎች ዳግም ሊያጩት መጡ። ታላቅ እህቱ ኤንግራሲያ ከደጅ ተቀበለቻቸው።

«በቃው! እንደ በቅሎ ስትጭኑት ኖራችኋል፤ ወገቡ ካልተሰበረ አታርፉም?»

«እትዬ፣ ሰዎቹን አትስደቢብኝ» አለ ከውስጥ። «ብቻ በሩን ዝጊልኝ።»

ማከሙን ግን አልተወም። ጆሮውን በበሽተኛ ጀርባ ላይ እንዳደረገ እንቅልፍ ይወስደው ጀመር። በሽተኛውም እንዳይቀሰቅሰው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። እኔ ራሴ ዜፌሪኖን እንዲያ ጎንበስ ብሎ፣ ሳይነቃነቅ አግኝቼዋለሁ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደ ውጭ መለሰኝ።

በዚያው ዓመት የረግረጉ ንዳድ እሱንም ያዘው፤ በሳምንት ውስጥ ወሰደው። በቀብሩ ዕለት የእሱም የቪስኮንዴውም ፓርቲ ሰዎች ሬሳ ሳጥኑን ከፊት የምንይዘው እኛ ነን ብለው ደጃፉ ላይ ተጣሉ። ኤንግራሲያ ጥቁር ሻሿን አስራ ወጣች።

«ከፊትም ያዛችሁት ከኋላ ለእሱ ያው ነው» አለቻቸው። «ብቻ አታንገላቱት።»

አፍረው ከፊትና ከኋላ ተካፍለው አነሱት። እኔም አንዱን ጥግ ያዝኩ፤ የመቃብሩን ዳገት ቀስ እያልን ወጣን።