መድኃኒቱ ከምን እንስሳ ነው?

እታገኘሁ ከጎጃም ተመድባ አሰላ የመጣች ነርስ ነበረች። በማዋለጃ ክፍሉ ሁለት ክረምት ስላሳለፈች ምጥ የያዛትን ሴት በኦሮምኛ ማጽናናት ለምዳለች።

በ1952 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ከዲሮ የሚባል ሙስሊም ገበሬ ዲክሲስ ከሚባለው ሩቅ ደጋ ሚስቱን ብርቄን በቃሬዛ አሸክሞ መጣ። ልጁ በደኅና ተወለደ፤ የእንግዴ ልጁም ወጣ። ደሙ ግን አልቆም አለ። እታገኘሁ የብርቄን ሆድ ብትዳስስ ማሕፀኗ ደሙን ለማቆም መኮማተር ሲገባው ልፍስፍስ ብሏል። ደሙ ከአንሶላው አልፎ ወለሉ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ።

ዶክተር ፍሰሐ መድኃኒቱን ወደ መርፌው ሲስብ ከዲሮ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ከምን እንስሳ ነው?" አለ። "ከአሳማ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ከሆነ እሷም አትፈልገውም።"

እታገኘሁ ክው አለች። ስትማር፣ ማሕፀን የሚያኮማትረው ሆርሞን ከታረዱ እንስሳት አንጎል ሥር ካለች ዕጢ እንደሚወሰድ ተነግሯታል። ከየትኛው እንስሳ እንደሆነ ግን ጠይቃ አታውቅም።

"ከምንም እንስሳ አይደለም፤ ሰው ነው የሠራው" አለ ዶክተሩ ቀና ሳይል።

ከዲሮ እታገኘሁን አያት። እሷ አቀረቀረች። ሰውየው ወለሉ ላይ የሚንጠባጠበውን ደም አየና፣ "እሺ፣ ውጓት" አለ።

መርፌው ከተወጋ ጥቂት ቆይቶ ልፍስፍስ ያለው ማሕፀን ከእታገኘሁ እጅ ሥር ይኮማተር ጀመር፤ እየጠነከረ ሄዶ እንደ ድንጋይ ሆነ። ደሙ ቆመ። እጇን ማንሳት ፈራች።

ዶክተሩ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ተከተለችው። "ለምን ዋሹት ዶክተር? የእምነት ነገር እኮ ነው።"

"አልዋሸሁም። ኬሚስቶች ሆርሞኑን ሲበታትኑት ዘጠኝ ቁራጭ ሆኖ አገኙት። ቁራጮቹ በምን ተራ እንደተያያዙ፣ የቱ ጋ ዞረው እንደ ቀለበት እንደሚገጥሙ ግን በዓይን አይታይም። ስለዚህ ቅርጹን ገምተው ራሳቸው ከባዶ ሠሩት። የሠሩት ልክ እንደ ተፈጥሮው ማሕፀን ሲያኮማትር ግምታቸው ትክክል መሆኑን አረጋገጡ። አሁን የወጋናትም እሱን ነው።"

"ቁራጮቹ ከታወቁ መግጠሙ ምን ይከብዳል?"

ዶክተሩ ጫማውን አሳያት። "ግራና ቀኝ አላቸው። የቀኝ ጫማ ለግራ እግር አይሆንም አይደል? እነሱም መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ምስል ተገልብጠው ቢሠሩ ሰውነት አይቀበላቸውም።"

እታገኘሁ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። የብርቄ ማሕፀን ሰው የሠራውን ፈጣሪ ከሠራው አልለየውም ማለት ነው።

"መቼ ነው የሠሩት?"

"ሰባት ዓመት ሊሆነው ነው።"

ታላቅ እህቷ አፀደ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሎ የሞተችው ከዚያ በኋላ ነበር። እታገኘሁ እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ መድኃኒቱ ከታረደ እንስሳ ብቻ ጥቂት በጥቂት ስለሚገኝ ለእህቷ ሳይደርስ የቀረ ይመስላት ነበር።

በማግስቱ ከዲሮ ዘንድ ሄደች። "ትናንት ሲያዩኝ አላውቅም ነበር። ዛሬ አውቄያለሁ፤ እውነት ነው፣ ሰው የሠራው ነው።"

ከዲሮ የተኛችውን ሚስቱን አያት። "ሰው ይህን መሥራት ከቻለ፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "እኛ አገር ዲክሲስ ማድረስ እንዴት አቃተው?"

በዓመቱ ዲክሲስ ላይ ትንሽ ክሊኒክ ሲከፈት ሌላው ነርስ ሁሉ ብርዱንና ጭቃውን ፈርቶ እንቢ ሲል፣ እኔ እሄዳለሁ ያለችው እሷ ነበረች።