የክሪኬት ካፒቴኑ አርባ

ባለቤቴ የተቀበረ ዕለት የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ አንድም ቃል አላመለጠኝም። የት እንደተወለደ፣ በስደት ኬንያ እንደቆየ፣ ዴንቨር መጥቶ ታክሲ እንደነዳ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ስትሠራ ጉልበቱን እንዳልሰሰተ፣ ልጆቹን በሥርዓት እንዳሳደገ ተነበበ። በዱላ ኳስ ስለሚመታበት ጨዋታው፣ ስለ ክሪኬት፣ አንድ ቃል አልተነሣም። እኔ ጽፌው ነበር፤ ያወጡት ታላቅ ወንድሙ ናቸው።

ከመቃብር ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ለምን አወጡት?»

«የኔ እህት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የልጆች አባት፣ ከሕንድና ከፓኪስታን ሰው ጋር ዱላ ይዞ ይሮጥ ነበር ተብሎ ይነበብ? ሰው ይስቅበታል።»

«ይሳቅ! እሱስ ሲስቅ አይደል የኖረው?»

«መኖር ሌላ፣ ቀብር ሌላ።»

ልጆቼ ከኋላ ያለቅሱ ስለነበር ወደ እነሱ ዞርኩ። ጋሼ የተሸነፍኩ መስሏቸው ነበር።

ባለቤቴ ክሪኬት የለመደው ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ ነው። ሹፌሮቹ በቴኒስ ኳስ ሲጫወቱ ሰው ጎደለባቸውና ጠሩት። ቤት መጥቶ ሲያስረዳኝ፣ «ታዲያ የገና ጨዋታ ነዋ!» አልኩት።

«በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም። በዚህኛው ዳኛውም ይቆጣል» አለኝ።

እያደር እኛ በምንኖርበት ኦሮራ፣ አንድ ፓርክ ውስጥ ቡድን አቋቋሙና እሱን ካፒቴን አደረጉት። ሕንዶቹ ፓኪስታናዊ፣ ፓኪስታናውያኑም ሕንድ እንዲያዛቸው ስላልፈለጉ ነው እያለ ይቀልድ ነበር። እኔ ግን ሄጄ አይቼዋለሁ። ኳስ የጣለውን ሰው አይሰድብም፤ ጠጋ ብሎ ትከሻውን ይነካውና ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ልብሱን ለብሶ ሲወጣ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ የሚኖሩት አሮጊት ጎረቤታችን፣ «ዛሬም ጥምቀት ነው እንዴ?» ይሉታል። «ለእኔ በየሳምንቱ ነው፣ እማማ» ይላቸዋል።

ስለ አንድ የድሮ እንግሊዛዊ የክሪኬት ካፒቴን የነገሩት የቡድኑ አንጋፋ፣ ከፓኪስታን ከተማ ከላሆር የመጡት ሰውዬ ናቸው። ከዚያ በኋላ ተሳፋሪ እስኪመጣ ስልኩ ላይ ስለዚያ ሰው ሲያነብ ይውል ነበር፤ እራት ላይ ለእኔ ይተርከዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሰውየው የአገሩን ቡድን አንድ ጊዜ ብቻ መርቶ አሸነፈ፤ ዳግመኛ ለአገሩ አልተጫወተም። ለዚያ ጨዋታ በሄደበት ደቡብ አፍሪካ ቀርቶ በጠና ሲታመም ጋዜጣ ሞተ ብሎ ጻፈ። እሱ ግን ድኖ ተነሣ። ተዋናይ ሆነ፤ ጎልማሳነቱ ካለፈ በኋላ አሜሪካ መጣ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሜዳ አሠርቶ፣ ሣር አስዘርቶ፣ ክሪኬት የማያውቀውን ሁሉ እየጎተተ አጫወተ።

«አንዴ ብቻ መርቶ እኮ ነው። እስኪሞት ድረስ ግን ካፒቴን ነበር» ይለኛል ባለቤቴ።

«አንተንም ጋዜጣ ካልገደለህ አታርፍም» እለዋለሁ።

ያኔ ሁለታችንም ደህና ነበርን።

ለአርባው ጋሼ ያንኑ ወረቀት ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ሊያስነብቡ አሰቡ።

«እኔ አነባለሁ» አልኳቸው።

«ሐዘንተኛ ሚስት ቆማ ስታነብ የት አገር ታይቷል?»

«ኦሮራ፣ ጋሼ። ዛሬ ይታያል።»

ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። «ማሚ፣ አር ዩ ሹር?»

ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅኩ ወደ ፊት ወጣሁ። የቡድኑ ሰዎች ጨዋታቸውን ትተው፣ ነጭ እንደለበሱ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። የተወለደበትን፣ ስደቱን፣ ታክሲውን አነበብኩ። ቀጥዬ በእጄ መልሼ ያስገባሁትን፣ የክሪኬት ካፒቴን እንደነበረ አነበብኩና ወረቀቱን አወረድኩት። የእንግሊዛዊውን ታሪክ በቃሌ ነገርኳቸው።

«ያ ጋዜጣ በሕይወት ያለውን ሰው ሞተ አለ» አልኩ። «የእኛ ወረቀት ደግሞ የኖረውን አልኖረም አለ። የጋዜጣው ይሻላል፤ ሰውየው ተነሥቶ አስተባብሏል። የእኔ ሰው መነሣት አይችልም፤ እኔ ቆሜያለሁ።»

አሮጊቷ ጎረቤታችን ካሉበት ጮክ አሉ።

«ያ ነጭ ልብስ! እኔ እኮ በየሳምንቱ ሌላ ደብር ሄዶ የሚያገለግል መስሎኝ፣ ‹በጸሎትህ አስበኝ› እለው ነበር!»

«እሱስ ምን ይልዎት ነበር?» አላቸው አንዱ።

«‹እሺ እማማ› ይለኛል፣ ሌባ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አፋቸውን በነጠላ ይዘው የሚስቁ ነበሩ፤ እያለቀሱ የሚስቁም ነበሩ። አማርኛ የማያውቁት የላሆሩ ሰውዬ ሳይቀሩ ሳቁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እሱ ያለበት የመሰለኝ የመጀመሪያው ቦታ ይህ ነበር።

ሲያበቃ ጋሼ ጠጋ አሉኝ።

«አላልኩሽም? ሳቁ።»

«ሳቁ። እርስዎም ስቀዋል፤ አይቼዎታለሁ።»

ወረቀቱን ለማስቀመጥ እጃቸውን ዘረጉ። አጥፌ ጥቁር ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ሙት ዓመቱ ሲደርስም የማነበው እኔ ነኝ።