የውሃው ፊት ላይ ያለው ቅባት

ዛሬም ያው ነው! ጠዋት ያጸዳሁት የዓሣ ገንዳ ከምሳ በኋላ እንደገና ቅባት ለብሷል። እዚህ አዳማ፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ በጨው ውሃ የማኖራቸው ዓሦች አየር አጥሯቸው አፋቸውን ወደ ላይ ይከፍታሉ። ፓምፑን ቀየርኩ፣ ምግባቸውን ቀነስኩ፤ ቅባቱ ግን ወይ ፍንክች! አንገሸገሸኝ። ጠረጴዛው ላይ ካገኘሁት ደብተር ገጽ ገንጥዬ ውሃው ላይ አነጠፍኩና ቅባቱን ሳነሳበት፣ እርጥቡ ወረቀት ባቱ ባቱ ሸተተኝ።

ባቱ ከተማ አክስቴ ዘንድ ሳድግ፣ በጋሪ የሚመጣልንን ውሃ በበርሜል እናስቀምጥ ነበር። አክስቴ ውሃው ላይ ቅባት ባየች ቁጥር ከደብተሬ ገንጥላ ታነጥፍበታለች።

«የሒሳብ ደብተሬን እኮ ነው!» እላለሁ በንዴት።

«እጅህን አሳየኝ» ትላለች።

አሳያታለሁ። ምሳ የበላሁት የተጠበሰ ዓሣ ዘይት እስከ ክርኔ ደርሷል።

«በዚህ እጅህ ነዋ ስትቀዳ የዋልከው!»

«አባዬ! የሒሳብ ደብተሬን እኮ ነው የቀደድከው!» ልጄ ከኋላዬ ጮኸች።

«እጅሽን አሳዪኝ» አልኳት።

ሁለቱንም ዘረጋችልኝ። ንጹህ ናቸው። ከዚያ የእኔን ይዛ ገለበጠችው፤ ጠዋት የተቀባሁት ቅባት ላይ ውሃው ጠብታ ጠብታ ሆኖ ቆሟል።